የዘይት መለኪያ ዘንግ ለሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ

የራቭ ፎርህ ካምቢዮ የዘይት መለኪያ ዘንግ ከሌለው ዘይቱ በምን ይለካል ብለሃል። መለኪያው አለ፤ ያለው ግን ከታች ነው። እንደ አንተው ባለ ስድስት ማርሽ የቶዮታ ራቭ ፎር ላይ፣ ከካምቢዮው ኮፓ (ከታች ካለው የዘይት መያዣ) ሥር ካለው ቡሎን በላይ፣ ኮፓው ውስጥ አጭር ቱቦ ቆሟል። የዘይቱ ልክ የቱቦው አፍ ነው።

1. መኪናውን ፍጹም ሜዳ ላይ አቁም። ፊቱን ብቻ በክሪክ ካነሣህ ልኬቱ ይዛባል፤ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ይሻልሃል።

2. አስቀድመህ ከጎን ያለውን የመሙያ ቡሎን ፍታ። ዝጎ እንቢ ካለ የታችኛውን አትንካ፤ የፈሰሰውን የምትተካበት መንገድ አይኖርህም።

3. ሞተሩን አስነሣ። ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በየቦታው ቀስ ብለህ አዘዋውርና ወደ ፓርክ መልስ።

4. ዘይቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ የታችኛውን ቡሎን ፍታ። ጠብ ጠብ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ወደ ጠብታ እስኪቀየር ጠብቅ። ጭራሽ ካልወጣ እስኪንጠባጠብ ድረስ በመሙያው ቀዳዳ ጨምር፤ ዘይቱ ደብልዩ ኤስ የሚባለው የቶዮታ ዓይነት ይሁን። ከዚያ በአዲስ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ቀለበት) ዝጋ።

የድሬዳዋ ሰው ስለሆንክ ሙቀቱን አደራ። እዚህ ብዙ ጊዜ የማየው፣ መኪናው የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወርዶ እንደ ተመለሰ ወዲያው ሲለካ ነው። የጋለ ዘይት ስለሚያብጥ ይፈሳል፤ ባለሙያው «ሞልቷል» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ጎድሎ ይገኛል። ከዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይጎትትም። ስለዚህ ሌሊቱን ቆሞ ያደረ መኪና ይዘህ ማለዳ ሂድ፤ ሙቀቱም በመመርመሪያ ኮምፒውተር ይነበብ። ኮፓውን በእጅ ዳስሶ «ደርሷል» የሚልህን አትመን፣ በድሬ ፀሐይ የማይሞቅ ብረት የለም።