«እግዚአብሔር ልብን ያያል» ካልን የመዝሙሩ ቃል ምን ያስጨንቀናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። በመዘምራን ውስጥ አገለግላለሁ፤ ለጉባኤ የሚዘመረውን የምመርጠውም እኔ ነኝ። በቅርቡ ሁሉም የሚወደውን አንድ መዝሙር ልናጠና ስንል አንድ ወንድማችን «ግጥሙ ላይ ችግር አለ» ብሎ አስቆመን። ያልተስማማው «ያመነ ሰው አያለቅስም» የሚለው ስንኝ ነው። እኔ ግን በዚህ መዝሙር ስንቱ ሰው ሲነካ አይቻለሁ። «እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፤ በቃላት እየተከራከርን አምልኮውን አናቀዝቅዘው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። ለአምልኮ የምንመርጠው ቃል ይህን ያህል ሊያሳስበን ይገባል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። አዎ፣ ሊያሳስበን ይገባል። ወንድምሽም በነገሩ ልክ ነው። ይህን ከመጀመሪያው የነገርኩሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ዙሪያ ጥምጥም እንዳልሄድብሽ ነው።

«እግዚአብሔር ልብን ያያል» የሚለው ጥቅስ በዚህ መንገድ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ስብከቱ ሳይዘጋጅ ሲቀር ይጠቀሳል። መዝሙሩ ሳይጠና ሲቀርብ ይጠቀሳል። ግጥሙ ላይ ጥያቄ ሲነሣማ የመጀመሪያው መልስ እሱ ነው። ለመሆኑ ይህ ቃል የተነገረው የት ነው? 1ኛ ሳሙኤል 16 ላይ ነው። ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ እሴይ ዘንድ መጥቷል። የእሴይን ልጅ ኤልያብን ሲያየው መልኩና ቁመቱ ማረከው፤ «በቃ፣ ይሄ ነው» ብሎ አሰበ። «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» የተባለው ያኔ ነው። ነገሩ ስለ ቁመና ነው። ለእግዚአብሔር የምንናገረው ምንም ቢሆን ግድ የለውም የሚል ሐሳብ በምዕራፉ ውስጥ አታገኚም። ደግሞም በዚያ ቀን ልቡ ታይቶ የተመረጠው ዳዊት ነው። እስከ ዛሬ የምንጸልይበትን የመዝሙር ቃል ያወረሰን እሱ አይደለም እንዴ?

ልብንና አፍን የምንለያያቸው እኛ ነን። ጌታችን «በልብ ሞልቶ ከተረፈው አፉ ይናገራልና» ብሏል (ሉቃ. 6፥45)። አፍ ደጋግሞ የሚለው ደግሞ ተመልሶ ልብ ውስጥ ይገባል። ሕፃን ልጅ «እናቴ፣ እወድሻለሁ» ማለትን የሚለምደው ትርጉሙ ሳይገባው ከእናቱ አፍ ሰምቶ ነው፤ ፍቅሩ በቃሉ ውስጥ ያድጋል። ምእመንም እንዲሁ ነው። የሰማውን ስብከት በሳምንቱ ሊረሳው ይችላል። መዝሙሩን ግን ዕቃ ሲያጥብ ያንጎራጉረዋል፤ ታሞ ሲተኛም እሱ ነው አፉ ላይ የሚመጣው። ስለዚህ መዝሙር ስትመርጪ ሰዎች በጭንቅ ቀን ስለ እግዚአብሔር ምን እንደሚያስቡ እየመረጥሽላቸው ነው።

የጥንት አባቶች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኤዴሳ ከተማ የኖረው ባርዴሳን የተሳሳተ ትምህርቱን ያሰራጨው በመዝሙር ነው። እንደ ዳዊት 150 መዝሙሮችን እንዳዘጋጀ ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጽፏል። ሰዉ ዜማውን ሲወድ ትምህርቱንም ሳያውቀው ይጠጣዋል። ኤፍሬም (ያረፈው እ.ኤ.አ. በ373 ነው) ታዲያ በክርክር ብቻ አልመለሰም። እሱም መዝሙር ጻፈ፤ ሴቶችን ሰብስቦ ቀና የሆነውን እምነት በዜማ አስተማረ። አርዮስም ቢሆን ስሕተቱን በግጥም ጽፎ እንዳስተማረበት ቅዱስ አትናቴዎስ ይናገራል። የሚዘመር ነገር ቀላል መስሎ የታየው በእኛ ዘመን ነው።

አሁን ወደዚያ ስንኝ እንምጣ። «ያመነ ሰው አያለቅስም።» ዮሐንስ 11ን ክፈቺ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሚሄድ አስቀድሞ ለደቀ መዛሙርቱ ነግሯቸዋል። ወደ መቃብሩ ሊሄድ ሲል ግን «ኢየሱስም እንባውን አፈሰሰ»። ታዲያ ጌታችን ያለቀሰውን ልቅሶ ለአማኝ እንዴት እንከለክለዋለን? ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች «አትዘኑ» ብሎ አላቆመም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው» እንዳያዝኑ ነው የጻፈላቸው (1ኛ ተሰ. 4፥13)።

እስቲ ደግሞ በጉባኤው መካከል ልጇን በቅርቡ የቀበረች እናት ቆማ እንደሆነ አስቢ። መዝሙሩ ይጀመራል። ዜማውን ታውቀዋለች፤ ከሌሎቹ ጋር ትጀምራለች። እዚያ ስንኝ ላይ ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ዙሪያዋ ያሉት እጃቸውን ዘርግተው ይዘምራሉ። እሷ «እኔ አላምንም ማለት ነው?» እያለች ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይህን ያደረገባት ክፉ ሰው አይደለም። በደንብ ሳይነበብ የተመረጠ አንድ መስመር ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ላይ በጉባኤ ውስጥ ያለው ሰው የምትለውን ካላወቀ «አሜን» እንዴት ይላል ብሎ ይጠይቃል። እሱ የሚናገረው ስለማይታወቅ ልሳን ነው፤ መመዘኛው ግን ለእኛም ይሠራል። ያቺ እናት አሜን ልትልበት የማትችለውን ቃል በእሷም ስም ለእግዚአብሔር ማቅረብ የለብንም።

የኢዮብን መጨረሻም አትርሺ። ባልንጀሮቹ ስለ እግዚአብሔር ያማሩ ንግግሮችን አድርገዋል። ኢዮብ ግን በምሬት ጮኋል፤ የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደርሷል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በባልንጀሮቹ ላይ ነው። «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ» ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው (ኢዮ. 42፥7)።

ይህን ስል አምልኮ የቅኔ አዋቂዎች ብቻ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ይህም ሌላ ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰው «ቃል አላውቅም» እያለ ጸሎቱን ትቷል። ቀራጩ ያለው «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ብቻ ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መደጋገምም በራሱ ጥፋት የለበትም። ጌታ የከለከለው በከንቱ መድገምን ነው። በመዝሙር 135 (በዕብራይስጡ ቁጥር 136) «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» 26 ጊዜ ይመላለሳል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቀድመውን ተመልከቺ፤ ሰማያትን ሠራ፣ ባሕርን ከፈለ፣ በመዋረዳችን አሰበን፣ ለሥጋ ሁሉ ምግብን ይሰጣል። ምክንያት ያለው ድግግሞሽ ልብን አያሰለችም።

ቃል ለጠፋበት ሰውም እግዚአብሔር ራሱ ቃል ይሰጠዋል። ሆሴዕ ወድቆ ለነበረው ሕዝብ «ከእናንተ ጋር ቃልን ውሰዱ፥ ወደ እግዚአብሔርም ተመለሱ» ካለ በኋላ የሚሉትን ጭምር ነገራቸው (ሆሴ. 14፥2)። ደቀ መዛሙርቱ «እንጸልይ ዘንድ አስተምረን» ሲሉት ጌታ «ልባችሁ ያመጣላችሁን በሉ» አላላቸውም፤ «አባታችን ሆይ» ብሎ ጀመረላቸው። የእመቤታችን የማርያም ምስጋና ውስጥ የሐና መዝሙር ይሰማል። ከሁሉም በላይ ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ በዚያ ሁሉ ሥቃይ የጮኸው በዳዊት መዝሙር ቃል ነው፤ «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» አለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እሱ በተሰጠ ቃል ከጸለየ እኛ ቃልን እንዴት እንንቃለን?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። መዝሙር ከመምረጥሽ በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ፣ ድምፅሽን አሰምተሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ዜማ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ቅዱስ አውግስጢኖስ መዝሙር ሲሰማ ያለቀሰ ሰው ነው፤ ሆኖም ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዝማሬው የነካው ጊዜ እንደ በደል ይቆጥረው ነበር። አንቺም ስታነቢው ስለ እግዚአብሔር የሚለው እውነት መሆኑን ጠይቂ፤ ያዘነውና ኃጢአቱ የከበደው ሰው አብሮሽ ሊለው ይችል እንደሆነም ጠይቂ።

ከወንድምሽ ጋር ደግሞ ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ታረቁ። እሱም «ችግር አለ» ብሎ በሰው ፊት ከማስቆም ለብቻሽ ቢነግርሽ ይሻል ነበር፤ ይህን በፍቅር ልትነግሪው ትችያለሽ። ከዚያ አብራችሁ የግጥሙን ደራሲ አግኙትና ያን ስንኝ እንዲያስተካክል ለምኑት። ደራሲውን ካላገኛችሁት መዝሙሩን ተዉት። በምትኩ መዝሙር 12ን (በዕብራይስጡ ቁጥር 13ን) አጥኑ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና በምስጋና ይጨርሳል። አጭር ነው፤ በአንድ ልምምድ ይያዛል።