ቢሾፍቱ ላይ ብርቅ ወፍ ለምትፈልገው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ አጭር ነበር፤ «ለሥራ ቢሾፍቱ ገብቻለሁ፣ ባይኖኩላር አለኝ፣ ብርቅ ወፍ የትኛው ሐይቅ ላይ ነው? መቼስ ነው የሚመጣው?»። ከኔ በፊት የመለሱልህ ሁሉ «ጥር ላይ ጨለለቃ ውረድ» ብለውሃል። አልተሳሳቱም። ግን በዓመት አንድ ቀን ወርደህ ብርቅ ወፍ ቢያጋጥምህ፣ ብርቅ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እኔ እዚህ ውሃ ዳር ሰባት ዓመት ገደማ ተመላልሻለሁ። ሊቅ አይደለሁም። የተሸወድኩበትንም ጨምሬ ልንገርህ።

መጀመሪያ ሐይቆቹን ለያቸው። ሆራ፣ ባቦጋያና ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ናቸው። ዳራቸው ገደል፣ ውሃቸው ጥልቅ ነው። ለሚዋኝና ጠልቆ ዓሣ ለሚያወጣ ወፍ ይስማማሉ፤ በረጅም እግሩ ቆሞ ጭቃ ለሚለቅም ግን ቦታ የላቸውም። ጨለለቃ ሌላ ነገር ነው። ክረምት ይሞላል፣ በጋው ሲገፋ እየሸሸ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ጭቃው ብቻ ይቀራል። «ደርቆ የለም እንዴ፣ ምን ልታይ ነው?» ይሉኛል። እኔ የምሄደው ለጭቃው ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር አዲስ ጭቃ ይወጣል፣ ትሉም ትንኙም እዚያ ነው፣ ወፉም እሱን ተከትሎ ይመጣል።

ከነሐሴ ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አንድ ሁለት እያሉ ይደርሳሉ። መስከረም ላይ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሂድና ወፍ አትፈልግ፣ የላሞቹን እግር እይ። ሆዷ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ፣ ጅራቷን ላይ ታች እየወዘወዘች፣ ላሟ አፍንጫ ሥር ዝንብ ስትለቅም ታገኛታለህ። ብርቅ አይደለችም፣ ሞልታለች። ግን የኔ ዓመት የሚጀምረው በእሷ ነው፤ የመጀመሪያዋን ያየሁበትን ቀን በየዓመቱ እጽፋለሁ። ከዚያ ዳክዬዎቹ ይበዛሉ። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ካየህ እሱ እንግዳ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አብዛኛው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል።

ወቅት ስንል ደግሞ የሚሸውድ ነገር አለ። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እንለው የለ? እኛ ሰፈር በዚህ ስም የሚጠሯት ትንሽ ወፍ ግን የትም አትሄድም። ወንዱ በክረምት ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ይለብሳል፣ ሣሩ ላይ ወጥቶ ይንጎራደዳል። መራቢያው ሲያልፍ ልብሱን አውልቆ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፣ ከድንቢጥ መለየት ያቅታል። እኛ ሄደ እንላለን፣ እሱ አጥር ላይ ቁጭ ብሏል። ይህ የገባኝ በሦስተኛው ዓመቴ፣ ጥር ላይ አንዱን ግማሽ ላባው ገና ቀይ ሆኖ ሳየው ነው።

ክሬን የሚባሉት ወፎች የብቻቸው ናቸው። ሰዉ ሽመላ ይላቸዋል፣ ሽመላ ግን ሌላ ነው። ከሩሲያ ወገን ተነሥተው በእስራኤል በኩል አድርገው የሚመጡ ግራጫ ወፎች ናቸው፣ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል። ከኅዳር ወዲህ ቀን ቀን ጤፍና ሽምብራ የተነሣበት ማሳ ላይ ይለቅማሉ። ሲመሽ ለማደር ወደ ጨለለቃ ይመለሳሉ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ዳር ቁም። ከመታየታቸው በፊት ድምፃቸው ይቀድማል፣ ከሩቅ የተሰበረ ጥሩንባ የሚነፋ ይመስላል። ከዚያ በመስመር በመስመር ይመጣሉ፣ ውሃው ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ያንጠለጥሉና አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው የሚያድሩት፤ ጅብም ሆነ ቀበሮ ቢመጣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማሉ።

አሁን የኔን ቅሌት። በሁለተኛው ዓመቴ ነሐሴ ላይ «ክሬን ቀድሞ ገባ!» ብዬ ለወፍ ወዳጆች ሁሉ ለጠፍኩ። አንድ ጋሼ እንኳን ደስ ያለህ አላሉኝም። «ሲበር አንገቱን ዘርግቶ ነበር ወይስ አጥፎ?» ብቻ ብለው ጻፉልኝ። አጥፎ ነበር። ክሬን አንገቱን ዘርግቶ ነው የሚበረው፤ አንገቱን ወደ ትከሻው የሚያጥፈው ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖረው፣ ዓሣና እንቁራሪት የሚጠብቀው ግራጫ ወፍ ነው። በየሳምንቱ አጠገቡ ሳልፍ አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አይቼው አላውቅም ነበር። (ከሩቅ ሳቢሳ ብዬ የቆጠርኩትና ቀርቤ ሳየው ፌስታል የሆነብኝም አለ፤ እሱን ዝም ብንለው ይሻላል።)

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፤ አንድ ቦታ ያዝ። አሥር ሐይቅ አትዙር። ጨለለቃን ወይም ለቤትህ የሚቀርበውን መርጠህ በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ ሂድና ያየኸውን ሁሉ ቁጠር። ርግቧንም፣ ቁራውንም። ያጣኸውንም ጻፍ። «ኅዳር 10፣ ክሬን የለም» የሚል መስመር ያለው ደብተር፣ ክሬን ያየበትን ቀን ብቻ ከጻፈው ይልቃል፤ መቼ እንደገቡ የምታውቀው በእሱ ነው።

መመዝገቢያ ኢበርድ የሚባለው መተግበሪያ በነፃ ይሠራል። ግን በኛ አገር ሁለት ወጥመድ አለው፤ ሰዓቱና ቀኑ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ጀመርኩ ብዬ 1 ብዬ አስገባሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት ሆነና፣ መዝገቡን የሚያጣራው ሰው በጨለማ ያን ሁሉ ዳክዬ እንዴት እንደቆጠርኩ በትሕትና ጠየቀኝ። ደብተርህ ላይ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፈው፤ «3» ኅዳር ይሁን ማርች በኋላ ራስህም አታውቀውም።

ብርቅ ነገር ሲገጥምህ ፎቶ አንሣ፣ የደበዘዘም ቢሆን። እግሩን፣ ምንቃሩን፣ አበራረሩን እዚያው ቆመህ ጻፍ። ቤት ገብተህ መጽሐፍ ከገለጥክ በኋላ ያየኸው ወፍ ሥዕሉን መምሰል ይጀምራል። ጎጆ ካገኘህ ግን ቦታውን አደባባይ አታውጣ። አንድ ዓመት ሾላ ዛፍ ላይ ጎጆዋ ውስጥ ያለች ጉጉት አግኝቼ ከነቦታው ለጠፍኩ። እሑድ ሰው መጣ፣ አንዱ ለፎቶ እንድትነሣለት ድንጋይ ወረወረ። በሳምንቱ ጎጆው ባዶ ነበር። ያንን ዛፍ እስካሁን ሳልፍበት አላየውም።

ከመላሾቹ መካከል «በርጋ እንሂድ» ያልከው ወዳጅ ደግሞ ቆም በል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ያ ረግረግ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ በዓለም ላይ የቀሩት ከ250 አይበልጡም ተብላ የምትገመት ትንሽ ወፍ በክረምት የምትራባበት ነው። ጎጆዋ መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። አንድ ሰው እሷን ለማስነሣት ሣሩን ቢረግጥ ምን እንደሚረግጥ አያውቅም። ለማየት ብለህ አትሂድ። መርዳት ከፈለግክ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፤ በጥር የውሃ ወፍ ቆጠራ ሲኖር አብረህ ቁጠር። ከመጽሐፍ የማታገኘውን እዚያ አንድ ጠዋት ትማራለህ።

ደግሞ ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ነው። ባይኖኩላርህን ወደ ጦር ሰፈሩ አቅጣጫ አታንሣ፣ ጥበቃ ሲጠይቅህ አትከራከር፣ ሰጥተህ በእሱ አሳየው። እኔ አንዱን ጥበቃ አንዴ ፔሊካን አሳይቼው አሁን ከኔ ቀድሞ የሚያይ ሆኗል። ከውጭ ዘመድ ሌላ ባይኖኩላር ላምጣልህ ካለህም አስቀድሞ የጉምሩኩን ነገር ይጠይቅ።

ዘንድሮ ቢጫዋን እስካሁን አላየኋትም። ከኔ ቀድመህ ከላም እግር ሥር ካገኘሃት ቀኗን ጻፍልን።