የገብስ ዛላ ላይ የሚወጣው ጥቁር ፍሬ፦ ኤርጎት ለሰውም ለከብትም

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ዘንድሮ ገብሴን ስወቃ ከእህሉ መካከል የአይጥ ኩስ የሚመስል፣ ጠቆር ያለ ረዘም ያለ ነገር አገኘሁ። ከመታጨዱ በፊትም ከአንዳንድ ዛላ ላይ ወጥቶ አይቼው ነበር። የአውድማውን ጥራጊ ለላሜ ስሰጣት ቆየሁ፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት የኋላ እግሯን ማንከስ ጀመረች፣ ወተቷም ቀነሰ። ጎረቤቶቼ እንደ ዱር እንጉዳይ ራስ የሚያዞር ነገር ነው ይሉኛል። እህሉን መብላት ወይም ለዘር ማስቀመጥ እችላለሁ? ለላሚቱስ ምን ላድርግላት?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት እህሉን ወደ ወፍጮ አይውሰዱ። ከተፈጨ በኋላ ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ መንገድ የለም። ለላሚቱ ጥራጊውን መስጠትዎንም ዛሬውኑ ያቁሙ።

የገለጹት ነገር ኤርጎት ከሚባለው የፈንገስ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። በገብስ፣ በስንዴ፣ በሲናር፣ በእንክርዳድና በብዙ የሣር ዓይነቶች ላይ የሚያመጣው ክላቪሴፕስ ፑርፑሪያ የሚባል ፈንገስ ነው። የእውነት የአይጥ ኩስ እንዳይሆን በቀላሉ መለየት ይቻላል። አንዱን አንስተው ይስበሩት። ኤርጎት ደረቅ ስለሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ውጩ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ሆኖ ርዝመቱን ተከትሎ መስመር መስመር አለው፣ ውስጡ ግን ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ቆልመም ያለ ሲሆን ከገብሱ ፍሬ ይረዝማል። ኩስ ከሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይላቁጣል፤ ኤርጎት ግን ቶሎ አይፈርስም። እርስዎ ከዛላው ላይ ሲወጣ ስላዩት ብዙም አያጠራጥርም።

ጎረቤቶችዎ ከእንጉዳይ ጋር ማገናኘታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥቁሩ ፍሬ አፈር ላይ ወድቆ ከከረመ በኋላ እርጥበት ሲያገኝ ቀጫጭን እግርና ክብ ራስ ያላቸው ትንንሽ እንጉዳይ መሰል አካላት ያበቅላል። ከእነሱ የሚወጣው ብናኝ በነፋስ ተወስዶ ያበበው ገብስ ውስጥ ይገባና ፍሬው ሊይዝ በነበረበት ቦታ ፈንገሱ ይተካል። ከአንድ ሳምንት ከምናምን በኋላ ከአበባው የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ዝንብና ሌሎች ነፍሳት ይህን ፈሳሽ እየላሱ ወደ ሌላው ዛላ ያዛምቱታል። ጥቁሩ ፍሬ ጠንክሮ የሚታየው ከዚያ ሳምንታት ቆይቶ፣ እህሉ ሲደርስ ነው። በአበባው ወቅት ቅዝቃዜና ዝናብ ከበዛ አበባው ሳይዘጋ ስለሚቆይ በሽታው ይጠናል።

መርዙ አልካሎይድ የሚባሉ ውህዶች ስብስብ ነው። ኤርጎታሚን፣ ኤርጎሜትሪን፣ ኤርጎክሪስቲን፣ ኤርጎክሪፕቲን፣ ኤርጎኮርኒንና ኤርጎሲን ዋነኞቹ ናቸው። ፈንገሱ ሁሉንም የሚሠራው ትሪፕቶፋን ከተባለ አሚኖ አሲድ ተነሥቶ ነው፤ ትሪፕቶፋን በማንኛውም እህል ፕሮቲን ውስጥ አለ። ራስ የሚያዞሩት የዱር እንጉዳዮችም ሲሎሲቢን የሚባለውን ውህዳቸውን የሚሠሩት ከዚሁ ከትሪፕቶፋን ነው። ሁለቱም ሴሮቶኒን ከሚባለው የነርቭ መልእክተኛ ጋር በቅርጽ ስለሚመሳሰሉ አእምሮ ውስጥ የሴሮቶኒንን ቦታ ይይዛሉ። ኤል ኤስ ዲ የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ አልበርት ሆፍማን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት በ1938 እ.ኤ.አ. የሠራው ከኤርጎት አልካሎይዶች መሠረት ከሆነው ከላይሰርጂክ አሲድ ነበር፤ አእምሮን እንደሚለውጥ የተረዳው ግን በ1943 ነው። ኤል ኤስ ዲ ራሱ ጥቁሩ ፍሬ ውስጥ የለም። ስለዚህ ማንም ወጣት «ያነቃቃል» ብሎ እንዳይቀምሰው አደራ። የኤርጎት አልካሎይዶች ሥራቸው በአእምሮ ብቻ አያበቃም፤ የደም ሥርን ጭምድድ አድርገው ይዘጋሉ።

የላሚቱ ማንከስም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አልካሎይዶቹ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያሉትን ጡንቻዎች ያኮማትራሉ። ደም በመጀመሪያ የሚያጥረው ከልብ ርቀው ያሉትን፣ ማለትም የኋላ እግርን፣ የጅራትን ጫፍና የጆሮን ጫፍ ነው። እንደ እናንተ አካባቢ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ቦታ ጉዳቱ ይብሳል፤ ብርዱም በራሱ የደም ሥርን ስለሚያጠብ ሁለቱ ይደራረባሉ። የወተቱ መቀነስ ደግሞ በሌላ መንገድ የሚመጣ ነው። አልካሎይዶቹ አንጎል ውስጥ እንደ ዶፓሚን ሆነው ይሠሩና ፕሮላክቲን የተባለውን ወተት አምጪ ሆርሞን ያወርዱታል። ያረገዘች እንስሳ ከበላች ስትወልድ ጡቷ ባዶ ሊሆን፣ ግልገሉም በረሃብ ሊሞት ይችላል። ላረገዘችና ለምታጠባ እንስሳ «ትንሽ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም ብለው ይያዙት።

በሰው ላይ በሽታው በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ቆዳ ሥር ጉንዳን የሚሄድ የመሰለ ስሜት፣ የጡንቻ መኮማተር፣ መንቀጥቀጥና የሌለውን ማየት ነው። ሁለተኛው እግር መጀመሪያ ማቃጠል፣ ቀጥሎ መቀዝቀዝና መደንዘዝ፣ በመጨረሻም መጥቆርና መድረቅ ነው፤ የጠቆረው አካል በራሱ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። በአገራችን የታወቀው ሁለተኛው መልክ ነው። በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ. በወሎ፣ በዋድላ ደላንታ አካባቢ ወረርሽኝ የተነሣው ኤርጎት የያዘ ሲናር በመበላቱ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአርሲ በገብስ ምክንያት ተመሳሳይ ነገር ደረሰ። በሁለቱም ጊዜ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ጥያቄዎን እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም።

የእህሉን ደረጃ በቤትዎ መገመት ይችላሉ። ከጎተራው ከተለያየ ቦታ እየዘገኑ ቀላቅለው 1 ኪሎ ይውሰዱ፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ጥቁሩን፣ ስባሪውንም ጭምር፣ ይልቀሙ። አንድ የገብስ ፍሬ በአማካይ 40 ሚሊግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ፍሬ የሚያክሉ 25 ጥቁሮች ወደ 1 ግራም ይጠጋሉ፤ ትልልቆቹን እንደ ሁለት ወይም እንደ ሦስት ይቁጠሯቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለከብት መኖ በኪሎ ከ1 ግራም በላይ አይፈቅድም። ሰው ለሚበላው ገብስና ስንዴ ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎ 0.2 ግራም፣ ማለትም 5 ፍሬ ገደማ፣ ወሰን አድርጓል። ለምን እንዲህ እንደተጠበበ ስሌቱ ያሳያል። የጥቁሩ ፍሬ አልካሎይድ በአማካይ ከክብደቱ 0.2 በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። በኪሎ 5 ግራም ጥቁር ካለ በቀን ግማሽ ኪሎ ገብስ የሚበላ ሰው 5 ሚሊግራም አልካሎይድ ይወስዳል፤ በሳምንት 35 ሚሊግራም ይሆናል። ለራስ ምታት ኤርጎታሚን የሚታዘዝለት ሰው በሳምንት ከ10 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይነገረዋል።

ቆሎ ማድረግ፣ በሶ ማዘጋጀት፣ እንጀራ መጋገር ወይም መቀቀል መርዙን በከፊል ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም። ጠላ መጥመቅም መፍትሔ አይሆንም። አረቄ ሲወጣም አልካሎይዱ ከአልኮሉ ጋር ተንኖ አይሄድም፤ እዚያው አተላው ውስጥ ይቀራል፣ አተላውም ለከብት ይሰጣል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው መንገድ ይህ ነው።

ማጽዳቱን በወንፊት ይጀምሩ። ፍሬው የሚያልፍበት፣ ረጃጅሙ ጥቁር የማያልፍበት ወንፊት ይምረጡ። ማዝራት ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ ክብደታቸው ስለሚቀራረብ ነፋስ አይለያቸውም። በበሬ ሲወቃ ጥቁሩ ይሰባበርና ከፍሬው ጋር ይስተካከላል፤ ይህን ወንፊቱም አይይዘውም፣ በሰፌድ አንገዋልለው በእጅ መልቀም የግድ ነው። ለምግብ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ካጸዱ በኋላ የ1 ኪሎውን ቆጠራ ይድገሙ። አሁንም ከ5 ፍሬ በላይ ካገኙ እንደገና ይልቀሙ።

ለዘር ግን የጨው ውሃ ይጠቀሙ። ለአንድ ጥማድ መሬት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ዘር ይበቃልና ጨው ብዙ አያስወጣዎትም፤ ያንኑ ጨው ውሃ ለተከታታይ ዙር ይጠቀሙበት። ዘሩን በቅድሚያ በንጹሕ ውሃ 3 ሰዓት ያህል ይዘፍዝፉት፤ ከገለፈቱ ሥር ያለው አየር ካልወጣ ጥሩው ገብስም ይንሳፈፋል። ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ጨው አሟሙተው ዘሩን ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ በደንብ ያማስሉት። ጥቁሩ ከጨነገፈው ገብስ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ወዲያው ይግፈፉት። ከሥር የቀረውን በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ያጥቡ፤ ጨው ከቀረበት አይበቅልም። ሳስቶ እንዲደርቅ ጥላ ላይ ይዘርጉት። አስቀድመው በአንድ እፍኝ ይሞክሩት። የገፈፉትንና የለቀሙትን ጥቁር ሁሉ ያቃጥሉት። ፍግ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ከጣሉት ዶሮ ይለቅመዋል፣ ወደ ማሳም ይመለሳል።

ማሳውን በተመለከተ ከሁሉ የሚልቀው ድንበሩ ነው። በወሰኑ ላይ የበቀለው ሣርና ሲናር ከገብሱ ቀድሞ ያብባል፤ በሽታውም ከዚያ ይሻገራል። ከማበቡ በፊት ይጨዱት። በአጨዳ ጊዜም የዳር ዳሩን ሁለት ሦስት እርምጃ ያህል ለብቻ አጭደው ለብቻ ይውቁ፤ አብዛኛው ጥቁር ያለው እዚያ ነው፣ መሃሉን ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል። የወደቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ከአንድ ዓመት ብዙም የማይዘልቅ በመሆኑ በዚያ ማሳ የሚመጣውን ዓመት ባቄላ፣ አተር፣ ምስር ወይም ተልባ ይዝሩ። ስንዴ አይተኩበት፤ ስንዴንም ይይዛል። ጠለቅ አድርጎ ማረስም ይረዳል፤ ከ5 ሳንቲሜትር በታች የተቀበረው ብናኙን ወደ ላይ ማውጣት አይችልም። ለዋግ የሚረጨው ኬሚካል ኤርጎትን ይከላከላል ብለው ገንዘብ አያውጡ።

ላሚቱን ነፋስና ውርጭ የማያገኛት ቤት ውስጥ ደረቅ ገለባ አንጥፈው ያሳድሯት፤ ንጹሕ ድርቆሽና በቂ ውሃ ይስጧት። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ የተሻለው ሕክምና መመረዙን ማቆምና ሙቀት ነው። እግሯን በእጅዎ ይዳስሱ። ከሰኮናው በላይ ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ በጤናማውና በታመመው ቆዳ መካከል ክብ መስመር ካዩ ሥጋው መሞት ጀምሯል፤ ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጥሩ። አፏ ውስጥ ቁስል ካለና ምራቋ ከተዝረበረበ ግን የአፍና የእግር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሌሎቹን ከብቶች ይለዩ፤ ሐኪሙም ሁለቱን ይለይልዎታል። ለሐኪሙ ጥራጊውን በላስቲክ ይዘው ያሳዩት።

በቤትዎ ይህን ገብስ የበላ ሰው እግሩ ወይም ጣቱ ካቃጠለው፣ ከደነዘዘው ወይም ከቀዘቀዘ በዚያው ቀን እህሉን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኤርጎሜትሪን ማህፀንን የሚያኮማትር ነውና ነፍሰ ጡር ካለች ካልጸዳው ገብስ አንድ ጉርሻም አትቅመስ። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን ወይም ሪቶናቪር ያለበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ጉበት አልካሎይዱን እንዳያስወግድ ያግዱታል፣ ትንሹም መጠን እንደ ብዙ ሆኖ ይጎዳል።