ከቀለሙ ሥር ያበጠው
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የኋላ ጎማ ዙሪያ፣ የላሜራው ጠርዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ ሦስት እብጠቶች ወጡ። አስፍቄ፣ ስቱኮ አስመትቼ አስቀባሁት። ስምንት ወር ሳይሞላው እዚያው ቦታ ተመልሶ አበጠ። ጥፋቱ የቀለሙ ነው የቀቢው?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት። እዚያ ጠርዝ ላይ የውጪውና የውስጡ ላሜራ ታጥፈው ተነባብረዋል። ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከጠርዙ ጀርባ ይጠራቀምና እርጥበት ይዞ ይከርማል፤ ዝገቱም ከውስጥ ጀምሮ ወደ ውጪ ይመጣል። ዝገት ከበላው ብረት በእጅጉ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። እብጠቱ ከውጪ ሲታይ ጀርባው ብዙውን ጊዜ ተጎድቷል። ከፊት ብቻ ሲፋቅ የጀርባው ዝገት ሥራውን ይቀጥላል፤ ስቱኮውም እርጥበት የሚመጥ በመሆኑ ዝገት ላይ ሲመታ ያፋጥነዋል።

ስለዚህ አስቀድመው ጭቃውን ከጠርዙ ጀርባ ጠርገው ያውጡና እብጠቶቹን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን ያድርጓቸው። ላሜራው ከሰመጠ ወይም ከተበሳ መቆረጥ አለበት (ሦስተኛውን ጥያቄ ይመልከቱ)። ጠንካራ ከሆነ ግን ቀለሙን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከእብጠቱ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አልፈው ይግፈፉት። ዝገት ከሚታየው ርቆ በቀለሙ ሥር ይሄዳል፤ ማቆሚያው የሚያብረቀርቅ ንጹህ ብረት ዙሪያውን ሲገኝ ነው። በግራይንደር የሚሽከረከረው የሽቦ ብሩሽ እዚህ ላይ ያታልላል፤ ዝገቱን ወልውሎ ያብለጨልጨዋል። ጠጋ ብለው ሲያዩ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ከቀሩ በጉድጓዶቹ ውስጥ ዝገት አለ ማለት ነው። በአሸዋ መንፊያ ማሽን ወይም በሹል መሣሪያ አንድ በአንድ ማውጣት ግድ ይላል፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ሥራው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ቅባት ማስለቀቂያ በነከሩበት ጨርቅ ጠርገው፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ ያድርቁት። ብረቱን በባዶ እጅ አይንኩት፤ ላብ ጨው አለበት። በዚያው ቀን ሁለት እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር (ብረቱን ከእርጥበት የሚያሽግ የሥር ቅብ) ይቀቡ፤ እርጥብ አየር ባለበት ቀን ባዶ ብረት በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ኢፖክሲው ሲደርቅ በ180 ቁጥር አሻክረው ስቱኮውን ከላዩ ይምቱ። ማጠንከሪያው በክብደት 2 በመቶ ያህል ነው፣ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም። ሲበዛ ቀለሙን ሰርጎ እድፍ ያወጣል፤ ሲያንስ ስቱኮው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ተስተካክሎ ሲያልቅ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ስቱኮን ደግሞ በውሃ አይፈትጉ። ከላይ የሚቀባውን ግራጫ መሙያ ፕራይመር በ320፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ካለሰለሱ በኋላ ቀለሙ ይገባል። መኪናው በግራጫው ፕራይመር ብቻ ለሳምንታት እንዳይነዳ፤ ውሃ ያሳልፋል።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በጠርዙ ጀርባና በተነባበሩት ላሜራዎች መካከል የውስጥ ሰም (ብሩሽ የማይደርስበትን የላሜራ ውስጥ ከዝገት የሚከላከል፣ የሚነፋ ሰም) ይንፉ። ያለዚህ ሥራው አልተጠናቀቀም።

ጥያቄ፦ ዝገት ወደ ጥቁር የሚለውጥ ፈሳሽ ይሸጣል። እሱን ቀብቼ ከላዩ ቀለም ብቀባ አይበቃም?

መልስ፦ ስስ ዝገት ላይ ይሠራል። ታኒክ አሲድ ያለበት ዝገቱን ወደ ጥቁር ውህድ፣ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ደግሞ ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ሁለቱም የሚደርሱት ላይኛው ሽፋን ድረስ ነው። ቅርፊት እየሆነ የሚነሳ ዝገት ላይ ሲቀቡ ላዩ ይጠቁራል፣ ሥሩ እንደነበረ ይቆያል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። መጀመሪያ ይፋቁ፤ ፈሳሹ ለጉድጓዶቹ ይሁን። የአሲድ ቅሪት ኢፖክሲ እንዳይዝ ስለሚያደርግ ታጥቦ ይነሳ ወይስ ይተው የሚለውን የፈሳሹንና የኢፖክሲውን ቆርቆሮ መመሪያ አስተያይተው ይወስኑ። አሲድ ባለው ፕራይመር ላይ ስቱኮ አይመታም።

ጥያቄ፦ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ሳንቲም የሚያክል ቀዳዳ አወጣ። በፋይበርና በስቱኮ መድፈን ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን መሰል ክፍል የመኪናውን አካል ከሚሸከሙት አንዱ ነው። የመቀመጫ ቀበቶ የታሰረበትና ሞላው (ስፕሪንጉ) የሚያርፍበት አካባቢም እንዲሁ። ሳንቲም ያህሉ ቀዳዳ ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ መዳፍ ያህል ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ ጤናማ ብረት እስኪገኝ መቆረጥ አለበት። መተኪያው ላሜራ ከነበረው ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ መበየድ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ከመበየድ ይሻላል፤ በድርቡ መካከል ውሃ ያድራል። ስስ ላሜራ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ይጠማዘዛል፤ በየ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ ጥለው፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየዘለሉ፣ ሲቀዘቅዝ መካከሉን ይሙሉ። አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፣ ምንጣፉና መቀመጫው ይውጣ፣ እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው ከጀርባ ይቁም። ብየዳው ከውስጥ ያለውን ቀለም ስላቃጠለው ሰም ሳይነፋበት አይዘጋ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ገና አልዛገም። ከሥር ጥቁሩን የጎማ ቅብ ላስቀባ?

መልስ፦ ንጹህና ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ዝገት ወይም እርጥበት ላይ ከተቀባ ግን ሲሰነጠቅ ውሃውን ይዞ ያስቀራል፣ ከውጪ ሲያዩት ደግሞ ጤነኛ ይመስላል። ከቅቡ ይልቅ ቀዳሚው ነገር የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በበሮቹ ታችኛ ጠርዝ፣ ከበሩ ሥር ባለው ላሜራና ከፊት መስታወቱ በታች ይገኛሉ። በቀጭን ፕላስቲክ ይጥረጓቸው፤ ሽቦ ቀለም ይጭራል። በሩን ሲዘጉ ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ተደፍነዋል። የወለሉን ምንጣፍ አንስተው ሥሩን በእጅዎ ይንኩት፤ እርጥብ ከሆነ ከማድረቅ በፊት ውሃው የገባበትን የማሸጊያ ጎማ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ኮፈኑ ላይ ጠጠር ቀለሙን ነቅሎታል፣ ብረቱ ይታያል።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይሥሩት። የዛገ ካለ በሹል ነገር ይጫሩ፣ ቅባቱን ያስለቅቁ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠብታ ፕራይመር፣ ከዚያ ስስ ስስ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለም፣ በየመካከሉ እያደረቁ። ጉድጓዱን በአንድ ወፍራም ጠብታ ለመሙላት ከሞከሩ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሲደርቅም ይሰምጣል።