ዘይቱን መጨረሻ ላይ ክፈቱት

ይድረስ ለእናንተ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳይክላችሁን ይዛችሁ እንጦጦ ለምትወጡ ልጆች።

ፍሬን መነካካት ከጀመርኩ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ የመኪና፣ ኋላ የሳይክል። የመኪናውን የተማርኩት ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴ እያቀበልኩ ነው። የሳይክሉን ግን ያስተማረኝ የለም፤ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ዛሬ የምጽፍላችሁም ስላበላሸሁት ነው።

ድሮ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ነበር። ሲላላ ታጠብቀዋለህ፣ ሲበጠስ ትቀይረዋለህ፣ አለቀ። ከዚያ ጎማው መሐል የሚዞር የብረት ዲስክና እሱን በዘይት ግፊት የሚይዝ ፍሬን መጣ። አንድ ቀን አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ሳይክል እየገፋ መጣና "ጋሼ፣ ፍሬኑ ስፖንጅ ሆነብኝ" አለኝ። ጨበጥኩት። እውነትም እጀታው መሪውን ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔ ደግሞ የመኪና ሰው ነኝ። ዘይት ጎድሎታል ብዬ ከመደርደሪያ ላይ የመኪና ፍሬን ዘይት አነሳሁ፣ ሞላሁለት፣ አየሩን አወጣሁ። ጠነከረ። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ፤ እኔም ልቤ ሞቅ አለ።

ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። እጀታውን ጨብጦ ሲለቀው ቶሎ አይመለስም። ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው እየተንጠራራ ነው የሚመለሰው። ካሊፐሩን፣ ጎማው ጋ ሆኖ ዲስኩን የሚቆነጥጠውን ክፍል፣ ፈታሁት። ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች አብጠው ፒስተኖቹን አንቀው ይዘዋቸዋል። ፍሬኑ ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ ሥሪት ነበር፤ ሺማኖ የሚጠጣው ሚነራል ኦይል ነው። እኔ ያጠጣሁት ዶት 4 የሚባለውን የመኪና ፍሬን ዘይት። እጀታውንም ካሊፐሩንም ከኪሴ ገዝቼ ተካሁለት።

ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከሁሉ የባሰ ያፈርኩት አሮጌውን ሸራ፣ ፒስተኑ እየገፋ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀውን፣ አውጥቼ ሳየው ነው። አልቆ ብረቱ ሊወጣ ነበር። ሸራ ሲሳሳ ፒስተኑ እየተገፋ ወደ ዲስኩ ይጠጋል። እጀታው ላይ ካለችው ትንሽ ማጠራቀሚያ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ እጀታውም ይጠልቃል። መጀመሪያውኑ ጎማውን አውጥቼ ሸራውን ባየው ኖሮ ያን ሁሉ ጣጣ ባላመጣሁ። ሰው ግን ፍሬን ሲባል ዘይት ነው የሚታየው። እስከ ዛሬ ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ በዘይት የሚያሳብቡ፣ ዘይቱ ግን ምንም ያልሆነባቸው ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሸራውን እዩ። ሺማኖ ሸራው ራሱ፣ ከኋላው ያለው ብረት ሳይቆጠር፣ ግማሽ ሚሊሜትር ሲደርስ ቀይሩ ይላል። ግማሽ ሚሊሜትር በዓይን ለመለካት ለምትቸገሩ፣ እኔ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው የምቀይረው። እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ለመቆጠብ አይመችም።

ቀጥሎ ጩኸት። ፍሬኑ እንደ ፍየል ከጮኸና ደግሞ ካልያዘ፣ ዘጠና በመቶ ጥፋቱ የእናንተ ነው (ቁጥሩን አትያዙብኝ)። ሰንሰለቱን በስፕሬይ ዘይት ስትረጩ ዲስኩ ላይ አርፏል። ወይም ዲስኩን በቅባታም እጅ ነክታችሁታል። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉት፤ ቤንዚን አይሆንም፣ ቅባት ይተዋል። ሸራው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ የቆሸሸው ወይም የጠነዛው በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ዘይት ከጠጣ ግን በቃ፣ ጣሉት። ቡታጋዝ ላይ የሚያቃጥሉም አሉ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ቤቱ ለሁለት ቀን ሸተተ፣ ሸራው መልሶ ጮኸ፣ ባለቤቴ ተቆጣች።

አዲስ ሸራ ስታስገቡም ወዲያው ቁልቁለት አትሂዱ። ሜዳ ላይ መጠነኛ ፍጥነት ያዙ፣ ወደ እግር ጉዞ ፍጥነት እስክትወርዱ ፍሬኑን ያዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ ልቀቁት። ይኼን ለየጎማው ሃያ ጊዜ ያህል ደጋግሙት። ሸራው ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ላይ "ሰውዬው ሸወደኝ" ትላላችሁ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ሲነክስ ይሰማችኋል።

ጎማው ሲዞር ሽው ሽው የሚል ከሆነ ካሊፐሩ መሐል ላይ አልተቀመጠም። ሁለቱን ብሎኖች ትንሽ አላሉ፣ እጀታውን ጨብጣችሁ ያዙ፣ ሳትለቁ ብሎኖቹን በየተራ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። ከበስተኋላ ነጭ ወረቀት ያዙና በክፍተቱ እዩ፤ በዲስኩ በሁለቱም በኩል ብርሃን መታየት አለበት። ሽውታው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ዲስኩ ጠሟል፤ ቀስ እያላችሁ አቃኑት። አንዱ ፒስተን ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሰነፉን በጥጥ አጽዱ፣ ፍሬኑ የሚጠቀምበትን ዘይት አንድ ጠብታ ቀቡት፣ ብርቱውን በፕላስቲክ ያዙና እጀታውን በጥቂቱ ጨብጡ። ሰነፉ ይወጣል። መልሳችሁ ግፉት። አራት አምስት ጊዜ ስትመላለሱ ይነቃል።

ይኼ ሁሉ ሆኖም እጀታው አሁንም ልፍስፍስ ካለ፣ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት ደግሞ ከጠነከረ፣ አሁን ችግሩ ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ነው። አየር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከፋርማሲ አንድ ስሪንጅ ግዙ። ውሃ ሙሉ፣ ጫፉን በጣታችሁ ድፈኑና ግፉት። አይሄድም። አሁን በውሃው ፋንታ አየር ሙሉና ግፉት። ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ቱቦው ውስጥ የገባችው አረፋም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ የእጃችሁን ኃይል እሷ ትበላዋለች፣ ሸራው ጋ አይደርስም።

ዘይቱን ከመክፈታችሁ በፊት እጀታው ላይ ያለችውን የማጠራቀሚያ ክዳን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ የዘይቱ ዓይነት እዚያው ተጽፎበታል። ሺማኖ፣ ማጉራ፣ ቴክትሮ ሚነራል ናቸው። ስራም (SRAM) የሚባለው ኩባንያ ደግሞ ለረጅም ዘመን በዶት ኖሮ አሁን በሚነራል የሚሠሩም ያወጣል፤ ስለዚህ በስሙ ብቻ አትመኑ። ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ "የፍሬን ዘይት" ካላችሁ የሚሰጣችሁ የመኪናው ነው፤ ሰውዬው አልዋሸም፣ እናንተ ናችሁ ያልነገራችሁት። ፍሬናችሁ በእርግጥ ዶት ከሆነም ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ አትግዙ። ዶት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው ወደ 155 ይወርዳል። ደግሞ ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ቶሎ በውሃ እጠቡት።

አየር ስታወጡ ጎማውንም ሸራውንም አስቀድማችሁ አውጡ። ከታች ከካሊፐሩ በስሪንጅ ዘይቱን ወደ ላይ ግፉ፤ አረፋ መውጣት የሚወደው ወደ ላይ ነው። ቱቦውን በካቻቢቴ እጀታ ከታች ጀምራችሁ ኮርኩሙት። ተጣብቃ የቀረች አረፋ አለች፤ አለቀ ስትሉ ብቅ ትላለች። እዚህ ላይ መቸኮል ነገ እንደገና መሥራት ነው።

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ፍሬኑን ይዛችሁ አትንጠልጠሉ። ያዙ፣ ልቀቁ፣ ያዙ። ስትለቁት ዲስኩ ይተነፍሳል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ ሸክሙ ስላጎበጣቸው ዞረው ሊያዩዋችሁ አይችሉም። ከሩቅ ፍጥነታችሁን ቀንሱ እንጂ በደወል አታስደንግጧቸው። ታች ስትደርሱም ዲስኩ ሞቀ ወይ ብላችሁ በእጅ አትንኩት። እኔ ጠባሳው አለኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ስትጭኑ ጎማውን ታወጣላችሁ። መንገድ ላይ አንዱ ሳያውቅ እጀታውን ይጨብጠዋል፣ ፒስተኖቹ ይወጣሉ፣ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ዲስኩ አልገባ ይላል። ከዚያ ሁሉም ይጯጯሃል። ወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ በሸራዎቹ መሐል ሰክታችሁ ሂዱ። የእኔ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ዘይት ጠግቦ ጠቁሯል፣ ስለዚህ እሱን አላውሳችሁም። የራሳችሁን ቁረጡ።