“ተለማማጅ ናት” ተብሎ ደመወዝ ይቀራል ወይ?

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን የመጣ ነው። የላከችው እናት ናት። ደብዳቤዋ ረዘም ይላል፣ አሳጥሬ ላቅርበው፦

“ልጄ 16 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብታለች። ክረምቱን ቤት ከምትቀመጥ ብለን ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ የኅትመትና ማስታወቂያ ቤት አስገባናት። ባለቤቱ ‘ኢንተርንሺፕ ነው፣ ሥራ ትለምዳለች፣ በወር 3,000 ብር እናደርግላታለን’ አለን። ይህንኑ በቴሌግራም በድምፅ ልኮልኛል። ወረቀት አልተፈራረምንም። ሐምሌንና ነሐሴን ሠራች። ጠዋት 2 ሰዓት ትገባለች፣ ከ6 እስከ 9 ቤት መጥታ ታርፋለች፣ ከዚያ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ትሠራለች። የምርቃት ሰሞን እስከ ማታ 3 ሰዓት የቆየችበት ቀን አለ፣ እሁድም የገባችበት አለ። በመጨረሻ በቴሌብር 1,500 ብር ላከላትና ‘ይሄ የትራንስፖርት ነው፣ ተለማማጅ ደመወዝ የለውም፣ ደግሞ 1,200 ብር የሚያወጣ ባነር አበላሽታብኛለች’ አለ። የምንጠይቀው መብት አለን? ታናሽ ወንድሟ 14 ዓመቱ ነው፣ እሱም ለሚመጣው ክረምት ልሥራ እያለ ነው።”

እህቴ፣ አንቺ ልበልሽ፤ ለድሬ ልጅ “እርስዎ” ይከብዳል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ልጅሽ ደመወዝ አላት። ገና ያልተከፈላት 4,500 ብር አለ፣ ትርፍ ሰዓቱ ሳይቆጠር።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ሰውየው የያዘው ነገር አንድ ቃል ነው፤ “ኢንተርንሺፕ” ካልኩ ሕጉ አይመለከተኝም ብሎ ነው የሚያስበው። ብዙ ባለሱቅ እንዲህ ነው የሚያስበው፣ ሁሉም በክፋት አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ ሲወጡ ያለ ክፍያ ሲሠሩ ስላየ ነው። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም ለትብብር ሥልጠና ድርጅት ይመደባሉ። እነዚያን ግን የላካቸው ተቋም አለ፣ ሥልጠናቸው ከትምህርታቸው ጋር የተያያዘ ነው፣ ይመዘኑበታል። የአንቺን ልጅ የላካት ትምህርት ቤት የለም። ከሰውየው ጋር የተስማማችሁት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ፣ የተስማማችሁትም በወር ይህን ያህል ብር ተብሎ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ ሰው በሌላ ሰው አመራር ሥር ሆኖ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ። ውሉ በጽሑፍ መሆኑ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት ያለበት እሱ ነው። ስላልሰጠ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ስለዚህ “ወረቀት የላችሁም” ካላችሁ የራሱን ጥፋት ነው የሚነግራችሁ።

እርግጥ ጠበቃ ቢይዝ አንድ ነገር ሊያነሳ ይችላል። አዋጁ አንቀጽ 3 ላይ ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረጉ ውሎችን ከሕጉ ውጭ ያደርጋቸዋል። ግን እዚያው ላይ ተለማማጅነትን ነጥሎ አስቀርቶታል፤ ተለማማጅነት በአዋጁ ይገዛል ማለት ነው። ሰውየው ራሱ “ተለማማጅ ናት” ካለ ደግሞ አንቀጽ 48ን ይክፈት። የተለማማጅነት ውል ማለት አሠሪው በሙያው የተሟላና ሥርዓት ያለው ሥልጠና ሊሰጥ ሲስማማ ነው። በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በሚመለከተው የመንግሥት አካልም መረጋገጥ አለበት። ሥልጠናው ምን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ምን ያህል እንደሆነ ይጻፍበታል። አየሽ፣ ተለማማጅም ቢሆን ስለ ክፍያ ይጻፍለታል። የእናንተ ሰውዬ የትኛውን አደረገ? አንዱንም። ልጅቷ ደንበኛ ተቀብላ፣ ስቲከር ቆርጣ፣ ባነር አትማ፣ ሒሳብ ተቀብላ ከነበረ ለእሱ ገንዘብ አስገብታለታለች። ያ ሥራ ነው።

ለማንኛውም የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው። ልጆች ክረምት ላይ በቀበሌ ችግኝ ሲተክሉ፣ ቀይ መስቀል ጋር ሲያግዙ፣ ታናናሾቻቸውን ሲያስጠኑ ማንም ደመወዝ አይጠይቅም፣ ሊጠይቅም አይገባም። ማስታወቂያ ቤት ግን ለትርፍ የቆመ ነው።

የሰዓቱ ነገር ነው እኔን ይበልጥ ያበሸቀኝ። ዕድሜያቸው 15 የሞላና ከ18 ያልበለጡ ልጆች በሕጉ “ወጣት ሠራተኞች” ይባላሉ፣ መሥራት ይችላሉ፣ ግን እንደ ትልቅ ሰው አይደለም። አዋቂ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል፣ ወጣት ሠራተኛ ግን ከ7 ሰዓት አይበልጥም፤ አንቀጽ 90 ነው። ከ2 እስከ 6 አራት ሰዓት፣ ከ9 እስከ ምሽቱ 1 አራት ሰዓት፣ ድምሩ 8። የድሬ ሙቀት ያመጣው የቀን እረፍት ከሒሳቡ ውስጥ አይገባም፣ እሱን አልቆጠርኩም፣ ቤቷ መጥታ ነው ያረፈችው። ማለት ምንም ምርቃት ባይኖር፣ ምንም ግርግር ባይኖር፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከሕጉ በላይ ሠርታለች። አንቀጽ 91 ደግሞ ወጣት ሠራተኛን ትርፍ ሰዓት ማሠራት፣ በሳምንት የእረፍት ቀን ማሠራት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ማሠራት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት ክልክል ነው ይላል። ማታ 3 ሰዓት መውጣቷ የሌሊት ሥራ አይባልም፣ ለጥቂት አመለጠ። ትርፍ ሰዓት ግን ነው፣ እሁዱም እሁድ ነው።

“ክልክል ከሆነ ታዲያ ክፍያ የለውም ማለት ነው?” የምትይ ከሆነ፣ በእኔ እምነት አይደለም። ክልከላው የተጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ሕግ ጥሶ ያሠራ ሰው ሕግ በመጣሱ ነፃ ጉልበት ሊያተርፍ አይችልም። ትርፍ ሰዓት ቀን ላይ ሲሆን (እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው) የሚከፈለው በሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ በእረፍት ቀን ሁለት እጥፍ። በልጅሽ ሒሳብ እንየው። 3,000 ብርን በ26 ቀን፣ በቀን 7 ሰዓት ብናካፍለው በሰዓት 16 ብር ተኩል ገደማ ይመጣል። በአንድ ተኩል ሲባዛ ወደ 25 ብር። ያቺ በየቀኑ የምትበልጠው አንድ ሰዓት ብቻ በሁለት ወር ወደ 1,300 ብር ትሆናለች። ባነሩ ከሚባለው ገንዘብ በላይ ነው! እሁዱ በሰዓት ወደ 33 ብር ይታሰባል፣ ያመሸችባቸው ቀኖችም ይደመራሉ። ስለዚህ ልጅቷ የሠራችበትን ቀንና ሰዓት አሁኑኑ፣ ሳትረሳ፣ ደብተር ላይ ትጻፈው።

ባነሩን በተመለከተ። አሠሪ “አበላሸህብኝ” ብሎ እንደፈለገ ከደመወዝ መቁረጥ አይችልም። መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያኔም ቢሆን ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም፤ ከ3,000 ብር ላይ 1,000 ማለት ነው። እናንተ ጋ ከእነዚህ አንዱም የለም። ደግሞስ ባነሩን ከመታተሙ በፊት የማጣራት ኃላፊነት የማን ነበር? ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ማሽኑን አስረክቦ የሄደ ሰው፣ ስህተቱ ሲመጣ የሷ ብቻ አይሆንም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ማስረጃሽን ያዢ። የቴሌግራሙ ድምፅ ወርቅ ነው፤ ስልክ ሲቀየር እንዳይጠፋ ሌላ ቦታም አስቀምጪው። 3,000 ብር መባሉን ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነውና እሱ ከሌለ ክርክሩ ይከብዳል። የቴሌብር መልእክቱ፣ ሱቁ ውስጥ የተነሳችው ፎቶ፣ “ነገ ቀደም ብለሽ ግቢ” የሚል የጽሑፍ መልእክት፣ አብራት የሠራች ልጅ፣ ደንበኛ፣ ሁሉም ይጠቅማል።

ከዚያ ሂጂና አነጋግሪው። ጠበቃ ሆኜ ፍርድ ቤት ሳይሆን መነጋገር ማስቀደሜ አይግረምሽ፣ ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገ ታይዋን ገበያ ውስጥ ትገናኛላችሁ። ግን ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ሒሳቡን በወረቀት ጽፈሽ፣ አንድ የምትተማመኝበት ሽማግሌ ይዘሽ ሂጂ። “እከፍላለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ” ካለ እሺ በይው፣ ግን ያንኑ በጽሑፍ ይስጥሽ፣ በቴሌግራምም ቢሆን። ዕዳውን ማመኑ የይርጋ ጊዜን ያቋርጣል። ይርጋ ያልኩት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ቀሪ ስለሚሆን ነው። የሐምሌው ጥር ላይ፣ የነሐሴው የካቲት ላይ ያበቃል። “ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና” እያለ ወሩን የሚያስበላ አሠሪ አለ፤ በዚያ ጨዋታ እንዳትሸወጂ።

ካልተግባባችሁ በከተማ አስተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው ቢሮ ሄደሽ አመልክቺ። ተቆጣጣሪዎች አሏቸው፣ ሱቁ ድረስ ሄደው ልጆችን እንዴት እንደሚያሠራ ያያሉ። ብዙ ጊዜ ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ብሩ ቶሎ ይገኛል። ያም ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም፣ ስለዚህ “ለ4,500 ብር ብዬ ስንት ላወጣ ነው” ብለሽ አትፍሪ። ልጅቷ 18 ስላልሞላት በስሟ የምትከራከሪው አንቺ ነሽ፣ እናት በመሆንሽ በሕግ ሞግዚቷ ነሽ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ያዢ። ብሩ ግን የሷ ነው፣ ይህን ልብ በይ፣ “ለቤት ኪራይ” ብለሽ እንዳትነጥቂያት።

ስለ ታናሽየው፦ አይሆንም። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፣ የአንቺ ፈቃድም አያድነውም። በሚመጣው ክረምት 15 ከሞላው መንገዱ ክፍት ነው፣ ግን ቦታውን ምረጪለት። ከባድ ዕቃ የሚነሳበት መጋዘን፣ ጭነት፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የድንጋይ ካባ የመሳሰለው ለወጣት ሠራተኛ የተከለከለ ነው። ሰፈር ካለው ፋርማሲ፣ ከኮምፒውተር ቤት፣ ከመጻሕፍት መደብር ቢጠይቅ እኔ ደስ ይለኛል። ልጆች ክረምት ላይ ሠርተው ብር ቢይዙ፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር ቢለምዱ፣ ከማንም በላይ የምደግፍ ሰው ነኝ። የምቃወመው ወረቀት የሌለውን ብቻ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የልጁ ስምና ዕድሜ፣ የሥራው ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በቀን ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት (ከ7 እንዳይበልጥ)፣ በወር ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ የሚያሠለጥነው ማን እንደሆነ። ለግል ድርጅቶች በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ የተስማማችሁት ቁጥር ነው የሚገዛችሁ፤ ያ ቁጥር ተጽፎ ይቀመጥ። ሁለታችሁም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ይህን ለመፈረም የሚያንገራግር አሠሪ ካጋጠመሽ፣ ልጅሽን ሌላ ሱቅ ውሰጂው።

አንድ የቀረ ነገር። ውሉ ሲያልቅ አሠሪው ምን እንደሠራች፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች የሚገልጽ የሥራ ምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ያውም በነፃ። ልጅሽ ነገ ለሥራ ስታመለክት የሚጠቅማት እሱ ነው። ስለ ብሩ ስትነጋገሩ ይህንንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ብሩን ከከፈለ በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ ዳግም ስትመላለሱ ፊቱን ሊያዞርባችሁ ይችላል።