ፕሮካርዮት ኦርጋኔል አለው ወይስ የለውም?

እህቴ፣ ያነሳሽው ጥያቄ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይነሳል። "መጽሐፉ ፕሮካርዮት ኦርጋኔል የለውም ይላል፤ ወረድ ብሎ ደግሞ ራይቦዞም አለው ይላል። ፈተና ላይ የቱን ልመን?" ነው ያልሽው። ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

ሁለቱም ልክ ነው። ፕሮካርዮት ማለት እንደ ባክቴሪያ ኒውክለስ (ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ክፍል) የሌለው ሴል ነው፤ ኦርጋኔል ደግሞ ሴሉ ውስጥ የየራሱ ሥራ ያለው ክፍል ነው። ፕሮካርዮት የሌሉት በሜምብሬን (በስስ ሽፋን) የተከበቡት ኦርጋኔሎች ናቸው። ኒውክለስ፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ጎልጂ፣ ክሎሮፕላስት፣ እነዚህን ባክቴሪያ ውስጥ አታገኚም። ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ግን ከአርኤንኤ እና ከፕሮቲን የተሠራ ነው፣ ሜምብሬን የለውም፣ ስለዚህ ባክቴሪያም ውስጥ አለ። ራይቦዞም ራሱ ኦርጋኔል ይባላል አይባልም ብለው የሚከራከሩ አሉ። እሱን ተይው፣ ጊዜ ይበላል።

ተማሪዎቼን የማስቸግራቸው ሌላ ነገር ላይ ነው። "የለውም" የሚለውን ይሸመድዱና ሥራውም የሚቀር ይመስላቸዋል። ከገጠር መጥተሽ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተሽ ከተማርሽ ታውቂዋለሽ፤ ማድ ቤት የለሽም ማለት ወጥ አይሠራም ማለት አይደለም፣ አልጋው ሥር ቡታጋዝ አለ። ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። ማይቶኮንድሪያ (የኛ ሴል ጉልበት የሚያመነጭበት ክፍል) ባይኖረውም ኦክስጅን የሚጠቀሙት ባክቴሪያዎች ያንኑ የኤሌክትሮን ቅብብሎሽ በራሱ በሴሉ ሜምብሬን ላይ ያካሂዱታል፣ ሴሉ ጉልበት የሚያገኝበት ኤቲፒም እዚያው ይመረታል። ዲኤንኤውም ኑክሊዮይድ በሚባለው አካባቢ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ዙሪያው ግን አልታጠረም። አጥር ስለሌለው ደግሞ ኤምአርኤንኤው (ከዲኤንኤው የሚገለበጠው መልእክት) ገና ተጽፎ ሳያልቅ ራይቦዞሞች ጫፉን ይዘው ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ። እኛ ሴል ውስጥ መጀመሪያ ኒውክለስ ውስጥ ተጽፎ፣ ተስተካክሎ፣ በቀዳዳው መውጣት አለበት። ልዩነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ማይክሮስኮፕ ካላችሁ ደግሞ በዓይንሽ እዪው። የኛው ከሥሩ መስታወት ያለው አሮጌ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወደ መስኮቱ እናዞረዋለን። ወደ ሰማዩ እንጂ ወደ ፀሐይዋ እንዳታዞሪው፣ ዓይን ያጠፋል። አንዱ ተማሪ ከቤቱ የጠላ ጥንስስ በትንሽ ብልቃጥ ያመጣል፣ ሌላው እርጎ። ከጥንስሱ አንድ ጠብታ በውኃ አቅጥነሽ 400 እጥፍ ላይ ስታዪው እንደኛ ሴል ኒውክለስ ያለው፣ ማለትም ዩካርዮት የሆነው እርሾ እንቁላል መሳይ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዱ ጎኑ ላይ ትንሽ ልጅ ለጥፏል። ውስጡ ክብ ጠራ ያለ ነገር አለ። ክፍሉ በሙሉ "ኒውክለስ!" ብሎ ይጮኻል። አይደለም፣ ቫኩዩል (ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ነው፤ የእርሾ ኒውክለስ ካልተቀባ በቀላሉ አይለይም። ኒውክለስ ማየት ከፈለግሽ የቀይ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ላይ አዮዲን ጠብ አድርጊ፣ አያስቸግርሽም።

እርጎው ሌላ ዓለም ነው። ስስ አድርገሽ ቀብተሽ አድርቂው፣ ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም አፍስሽበት፣ እጠቢው። በዚያው 400 እጥፍ የሚታይሽ ነጠብጣብና ጭረት ብቻ ነው። የሚያብለጨልጩ ትልልቅ ክቦች ካየሽ የወተቱ ቅባት ነው፣ እንዳትሸወጂ። ባክቴሪያዎቹ ውፍረታቸው አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ እርሾው ከ5 እስከ 10 ይደርሳል። ተማሪ ይህን ጎን ለጎን አንዴ ካየ ሰንጠረዥ አያስፈልገውም።

ራይቦዞሙ አለ ብለን ብናልፈውም አንድ ዓይነት አይደለም። የባክቴሪያው 70ኤስ ነው፣ የኛ 80ኤስ። የባክቴሪያው ራይቦዞም ሁለት ክፍሎች 50ኤስ እና 30ኤስ ናቸው፤ 50 እና 30 ተደምሮ 70 አይሆንም ብለሽ አትጨነቂ፤ ኤስ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) የመዝቀጥ ፍጥነት መለኪያ ነው፣ አይደመርም። ጥቅሙ ግን ቤትሽ ድረስ የሚመጣ ነው። ለትራኮማ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የባክቴሪያውን የ30ኤስ ክፍል ይይዝና ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል፣ የኛን 80ኤስ እምብዛም አይነካም። ማይቶኮንድሪያችን ግን የራሱ ዲኤንኤና የባክቴሪያን የሚመስል ራይቦዞም አለው፤ አሜሪካዊቷ ባዮሎጂስት ሊን ማርጉሊስ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ማይቶኮንድሪያ ድሮ ራሱን የቻለ ባክቴሪያ ነበር ብላ የተከራከረችው እንዲህ ባሉ ምልክቶች ነው። ክሎራምፌኒኮል መቅኔን ሊጎዳ የሚችለውም አንዱ ምክንያት ማይቶኮንድሪያውን ስለሚነካ ነው።

"ምንም" የሚለው ቃል ላይ ደግሞ አትድረቂ። ማግኔት የሚከተሉ ባክቴሪያዎች የብረት ቅንጣቶቻቸውን በሜምብሬን ከበው ይይዛሉ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የተገለጸችው ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ የምትባል በባዶ ዓይን የምትታይ ባክቴሪያ ደግሞ ዲኤንኤዋን በሽፋን ውስጥ ታስቀምጣለች። የኛ ቀይ የደም ሴል በአንጻሩ ዩካርዮት ሆኖ ሳለ ሲበስል ኒውክለሱንም ማይቶኮንድሪያውንም ይጥላል። ፈተና ላይ እነዚህ ብዙም አይመጡም።

የሚመጣውማ ይኸው፦ "በፕሮካርዮትም በዩካርዮትም የሚገኘው የቱ ነው?" ካለ ራይቦዞም። "ሳይያኖባክቴሪያ ፎቶሲንተሲስ የሚያካሂደው የት ነው?" ካለ ታይላኮይድ በሚባለው የውስጥ ሜምብሬኑ ላይ፤ ክሎሮፕላስት የሚል ምርጫ አጠገቡ ያስቀምጡልሻል፣ እንዳትነኪው። ከእጅ ወደ እጅ በሚዞሩት አሮጌ ወርክሺቶች ላይ "የባክቴሪያ ማይቶኮንድሪያ ሜዞዞም ነው" የሚል ካጋጠመሽ ሰርዢው፤ ሜዞዞም ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሴሉ በኬሚካል ሲዘጋጅ የሚፈጠር እጥፋት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል።